ውሃችን በ92 ዲግሪ ፈላ፤ ልጆቹን ምን ልበላቸው?

መምህርት_5ለ
መጋቢት 16፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ 5ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 63 ልጆች አሉ። ዛሬ ያጋጠመኝን ልንገራችሁና ምክር ስጡኝ።

ስለ ሙቀት እየተማርን ነው። እስከ አምና ድረስ "ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል" ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ እጠይቃቸዋለሁ። በቃ። ዘንድሮ ግን የትምህርት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት ስንፈትሽ አንድ ቴርሞሜትር አገኘሁ። ቀይ ፈሳሽ ያለው፣ እስከ 110 የሚለካ። ከቤቴ ቡታጋዝና አንድ ትንሽ ድስት ይዤ ሄድኩ። ልጆቹን በ9 ቡድን ከፈልኳቸው። ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ልጅ በተራ እየመጣ ቁጥሩን ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል።

ደስታቸውን ብታዩ! 40፣ 55፣ 71... ቁጥሩ በተጠራ ቁጥር ክፍሉ ይናወጣል። ከዚያ 92 ላይ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይጨሳል፣ ቀዩ መስመር ግን ንቅንቅ የለም። ተራዋ የነበረው ልጅ ዝም ብላ አየችኝ። "ቲቸር፣ 92 ላይ ቀረ" አለች። ከኋላ ወንበር "ተሳስታለች! መቶ ነው የሚባለው!" የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ እንጠብቅ አልኳቸው። 5 ደቂቃ ጠበቅን። ያው 92። ደወል ተደወለ።

ማታ ደብተራቸውን ሳርም ነው ልቤ የተነካው። ከ9 ቡድን 6ቱ "ውሃው በ100 ፈላ" ብለው ጽፈዋል። አንደኛው ደብተር ላይ 92 ተጽፎ ነበር። በላጲስ ፈግፍገውት ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ከላዩ ላይ 100 በእስክሪብቶ ደምቆ ተጽፎበታል። በዓይናቸው ያዩትን አጠፉት። ይህን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ነገ ምን ልበላቸው? ቴርሞሜትሩስ ተበላሽቶ ይሆን?


ፊዚክስ_ወዳጅ
መጋቢት 16፣ ከምሽቱ 3:15

መምህርት፣ ቴርሞሜትርሽ ጤነኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 አካባቢ ነው የሚፈላው። ልጆችሽ ትክክል ለክተዋል።

ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሚጫነውም ይቀላል። እንፋሎቱ ቶሎ ያሸንፋል። በግምት ከባህር ጠለል ወደ ላይ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር 1 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ለ300 ሲካፈል 8። ከ100 ላይ 8 ሲቀነስ 92። እንግዲህ የ5ኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ማስላት ይችላሉ።

በዚያው ሌሎቹንም ከተሞች አሠሪያቸው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ናት፤ 94 ይመጣል። ድሬዳዋ 1,200 ስለሆነች 96። ደብረ ብርሃን 2,840 ገደማ ናት፤ 90 ከምናምን። ዳሎል ደግሞ ከባህር ጠለል በታች ስለሆነ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። አንድ አገር ውስጥ ሆነን ይህን ሁሉ ልዩነት የምናገኝ ሰዎች ነን። ሜዳ ላይ ያለ አገር ልጅ ይህን አያገኝም።

ጥርጣሬ ከቀረሽ ቴርሞሜትሩን በበረዶ ፈትኚው። ከፍሪጅ በረዶ አምጪ፣ ሰባብሪው፣ ትንሽ ውሃ ጨምሪበትና ቴርሞሜትሩን አስገቢ። 0 ካሳየ ደህና ነው። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በከፍታ ይህን ያህል አይቀየርም። ስትለኪ ደግሞ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ወለል አይንካ፤ ወለሉ ከውሃው ይበልጥ ይሞቃልና ያሳስትሻል።


የሁለት_ልጆች_እናት
መጋቢት 16፣ ከምሽቱ 3:52

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን የወላጅ ጭንቀት ልናገር። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት የ6ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። ፈተናው ላይ "ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?" ተብሎ ቢመጣ መልሱ 100 ነው። 92 ብላ ብታጠቁር ማን ይሰማታል? አንድ ጥያቄ ለልጅ ብዙ ነገር ነው። እኔም ስማር የተነገረኝን ይዤ ነው ያለፍኩት። እባካችሁ ልጆቹን ግራ አታጋቡብን።


ፊዚክስ_ወዳጅ
መጋቢት 16፣ ከምሽቱ 4:05

እህቴ፣ ስጋትሽ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ግን ሁለቱም መልስ በአንድ ላይ ይቆማል። "በባህር ጠለል ከፍታ 100፣ እኛ ጋ 92።" ይህን የያዘች ልጅ ፈተናውን አትወድቅም። እንዲያውም "ለምን?" የሚል ጥያቄ ቢመጣ የምትመልሰው እሷ ናት። ፈተና ለሚያወጡ መምህራንም እዚሁ ልለምን፦ እባካችሁ "በባህር ጠለል" የምትለዋን ቃል ጥያቄው ውስጥ ጨምሩ። አንዲት ቃል ናት።


ጡረተኛ_መምህር
መጋቢት 17፣ ከጠዋቱ 1:20

ልጄ መምህርት፣ ጽሑፍሽን ሌሊት አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። 34 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል። አንድ ነገር ልንገርሽ።

ስለ ጥላ እያስተማርኩ ነበር። መጽሐፉ "በቀትር ጥላችን ወደ ሰሜን ይወድቃል" ይላል። ፈተና ላይ ጠየቅሁ። አንድ ልጅ "ወደ ደቡብ" ብሎ መለሰ። ኤክስ አደረግኩበት። ወረቀቱን ይዞ መጣና "ቲቸር፣ ትናንት በምሳ ሰዓት ባንዲራው ስር አየሁት እኮ" አለኝ። ወሩ ሰኔ ነበር። እኔም መጽሐፉን ገልጬ አሳየሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ልጁ ትክክል ነበር። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ሰሜን ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው፣ ሌላው ነሐሴ 24 አካባቢ። በመካከሉ ባሉት ወራት ፀሐይ በቀትር ከእኛ ወደ ሰሜን ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። 1 ሜትር ዘንግ ብትተክይ በታህሳስ አጋማሽ በቀትር 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ታገኛለሽ። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ 26 ሳንቲ ሜትር ወደ ደቡብ። ያ የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ፀሐይ አናቱ ላይ መጥታ ለማታውቅ አገር ነው እውነት የሚሆነው።

ይህን ያወቅሁት ልጁ ትምህርት ቤቱን ለቆ ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይቅርታ የምለው ልጅ የት እንዳለ አላውቅም። ስሙን ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ነገ ክፍል ስትገቢ ስለ አየር ግፊት ከማውራትሽ በፊት ያችን 92 ያለችውን ልጅ አስነሺያት። "ያየሽውን ነው የተናገርሽው" በያት፣ ሁሉም እየሰማ። ግፊቱ ይደርሳል።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክም ንገሪያቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አየ። ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድጉ ናቸው። ወንዙን ስንት ሰው ተሻግሮታል? እሱ ቆሞ "ለምን ከታች ብቻ?" አለ። እንዶዱ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል የደረሰበት እንዲህ ነው። በኋላ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙበት። ልጆቹ እንዶድን ያውቁታል ወይም አያቶቻቸው ያውቁታል። ሳይንቲስት ማለት ነጭ ጋውን የለበሰ የሩቅ ሰው እንዳይመስላቸው።


መምህርት_5ለ
መጋቢት 17፣ ከምሽቱ 1:30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን አደረግኩ። ልጅቷን አስነስቼ አመሰገንኳት። መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

በረዶ በፔርሙስ ይዤ ሄጄ ነበር። ቴርሞሜትሩ 0 ላይ ቁጭ አለ። ከኋላ ወንበር "ተሳስታለች" ሲል የነበረው ልጅ ራሱ መጥቶ አነበበው። ከዚያ ስለ ከፍታ ነገርኳቸውና ስሌቱን ሰጠኋቸው። የደብረ ብርሃንን ሲያሰሉ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "አያቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ እዚያ ባቄላ ቶሎ አይበስልም ትላለች፣ ለዚህ ነው?" አለኝ። ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ምግቡም በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚበስለው፣ ስለዚህ ይቆያል አልኩት። ፕሬዠር ኩከር ለምን እንደሚያፈጥን ደግሞ አንዲት ልጅ ሳልነግራት ደረሰችበት። "ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምረው" አለች። እኔ ይህንን የተማርኩት ኮሌጅ ነው።

ስድስቱ ቡድኖች ደብተራቸውን ማረም ፈለጉ። አትፍቁ አልኳቸው። በአንድ መስመር ሰርዙትና ከጎኑ ያያችሁትን ጻፉ። ለምን እንደቀየራችሁም ጻፉ።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዕለት ዕቅዴ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ዩኒት መሪዋ ጠይቃኛለች። ሁልጊዜ እንዲህ ማድረግ አልችልም። ዕቃም የለኝም። ቴርሞሜትሩ አንድ ነው፣ ለ63 ልጅ።


የጎጃም_መምህር
መጋቢት 18፣ ከቀኑ 9:10

እኔ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው የማስተምረው። እኛ ጋ አንድም ቴርሞሜትር የለም፣ መብራትም አልፎ አልፎ ነው። ስለ ዕቃ ልናገር።

ባለፈው ዓመት በዓይን ስለማይታዩ ሕያዋን ሳስተምር ማይክሮስኮፕ ከየት ላምጣ ብዬ ተጨነቅሁ። ከዚያ አንዲት ተማሪ ከቤቷ እርሾ በብርጭቆ አመጣችልኝ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ወሰድን። በሁለቱም የጤፍ ዱቄትና ለብ ያለ ውሃ እኩል እኩል ጨመርን፣ እስከ ሲሶው ድረስ ብቻ። አንዱ ላይ እርሾ ጨመርን፣ ሌላኛው ላይ አልጨመርንም። አፋቸው ላይ ፊኛ አጠለቅንና በክር አሰርን። መስኮት ላይ አስቀምጠን ሄድን።

በማግስቱ ጠዋት ከሰልፍ በፊት መስኮቱ ስር ሁለት መቶ ልጅ ተሰብስቦ ነበር። እርሾ ያለበት ፊኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌላው እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ፊኛውን የነፋውን ነገር "የሊጥ ትንፋሽ" ብለው ጠሩት። እኔም ስሙን ቶሎ አልነገርኳቸውም። የእንጀራ ዓይን ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳቸው። ጸጥ አሉ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁሉም ጮኹ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ያልጠበቅነው መጣ። እርሾ የሌለበት ሃይላንድ ላይ ያለው ፊኛም ትንሽ ቀና አለ። ልጆቹ "አበላሸነው" ብለው ደነገጡ። አላበላሹትም። ዱቄቱ ራሱ እነዚያን ጥቃቅን ሕያዋን በጥቂቱ ይዟል፤ ጊዜ ሲያገኙ ይበዛሉ። ያኔ አንድ ከብት እየጠበቀ የሚማር ልጅ "ቲቸር፣ ታዲያ የዓለም የመጀመሪያው እርሾ የመጣው እንዲህ ነው ማለት ነው?" አለኝ። እስካሁን ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

ዋጋው ሁለት ፊኛ ነው። የእርሾውን ሥራ ጥቃቅኖቹ ሕያዋን ሌሊት ሲሠሩ እኔ ከክፍለ ጊዜው የወሰድኩት 10 ደቂቃ በመጀመሪያው ቀን፣ 10 ደቂቃ በማግስቱ ነው። መምህርት፣ ጊዜ ላነሰሽ እንዲህ ያለውን ሞክሪ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። እኛ ክልል ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ልጅ እዚያ ላይ ይጠፋብናል። "ብርሃን አስተፃምሮ" የሚለውን በአማርኛ ሸምድዶ የመጣ ልጅ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሲሰማ ሁለት ባዶ ቃል ነው የሚኖረው። ፊኛው ሲቆም ያየ ልጅ ግን አዲሱን ቃል የሚሰቅልበት ነገር አለው። ቃሉ እንግሊዝኛም ይሁን ግዕዝ ግድ የለውም።


የሁለት_ልጆች_እናት
መጋቢት 18፣ ከምሽቱ 2:20

የእርሾውን ዛሬ ልጆቼ ጋር አዘጋጅተን አስቀመጥን። ትንሹ ልጄ እንቅልፍ እምቢ ብሎ በየ10 ደቂቃው እየተነሳ ያየዋል። ከዚህ በፊት ስለ ትምህርት ያወራነው "ስንት አመጣህ?" ብቻ ነበር።

መምህር፣ ቤት ውስጥ ሌላ ምን እንሥራ? የ92ን ነገርም ቤት ውስጥ ልሞክር ብዬ የትኩሳት መለኪያውን አውጥቼ ነበር።


ፊዚክስ_ወዳጅ
መጋቢት 18፣ ከምሽቱ 2:31

እባክሽ እሱን ፍል ውሃ ውስጥ እንዳታስገቢ! የትኩሳት መለኪያ የሚለካው እስከ 42 ገደማ ብቻ ነው፣ ይፈነዳል። የድሮው የመስታወት ከሆነ ውስጡ ሜርኩሪ ነው፣ መርዝ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ጭራሽ አይሞከርም።

ከርከዴ አለሽ? ሻይውን አፍልተሽ አቀዝቅዢው። በሦስት ብርጭቆ ቅጂ። አንዱን እንዳለ ተዪው። አንዱ ላይ ሎሚ ጨምቂ፤ ቀዩ ይደምቃል። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጊ፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ከዚያ ለልጆቹ ልቀቂላቸው። የሳሙና ውሃ፣ ኮምጣጤ፣ የእርሾ ውሃ፣ የአመድ ውሃ ይሞክሩ። ከመጨመራቸው በፊት ግን የሚመጣውን ቀለም ገምተው ይጻፉ። የተሞከረውን እንዳይጠጡት ብቻ ተጠንቀቂ።


የሜሪላንድ_አባት
መጋቢት 19፣ ከሌሊቱ 8:45

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ዕቃ ሞልቶታል፤ ያም ሆኖ የጋሼን ስለ ጥላ የጻፉትን ሳነብላት ከወንበሯ ተነሳች። እዚህ ፀሐይ መቼም አናት ላይ አትመጣም። በሰኔም ቢሆን ወደ ደቡብ ዘንበል እንዳለች ነው።

አያቷ አዲስ አበባ ናቸው። ሚያዝያ 5 ሁለቱም በየቀትራቸው 1 ሜትር ዘንግ ሊለኩ ተስማሙ። እኛ ያለነው 39 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ። ልዩነቱ 30 ዲግሪ ስለሆነ በዚያ ቀን እዚህ ጥላው 58 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፣ እማማ ጋ ደግሞ ምንም። ምድር ድቡልቡል መሆኗን በሁለት ዘንግና በአንድ ስልክ ልናይ ነው። ልጄ አማርኛ ማውራት ይከብዳት ነበር። አሁን "ጥላ"፣ "ቀትር"፣ "ዘንግ" የሚሉትን ለአያቷ ስትል ተምራለች።

ጋሼ፣ በአዲስ አበባ ትክክለኛው ሰዓት ስንት ነው? ልክ 6 ሰዓት?


ጡረተኛ_መምህር
መጋቢት 19፣ ከጠዋቱ 1:05

አይደለም ልጄ። የሰዓት አቆጣጠራችን የተሠራው ከእኛ በስተምሥራቅ ላለ መስመር ነው፤ 45 ዲግሪ ምሥራቅ። አዲስ አበባ ከዚያ መስመር 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ወደ ምዕራብ ናት። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስለዚህ 25 ደቂቃ ትዘገያለች። ለእናትህ 6:25 በላቸው። ከ6:10 ጀምሮ ዘንጉ አጠገብ ይቀመጡ። ወንበርና ጃንጥላ አይርሱ።

ዘንጉ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ክር ላይ ድንጋይ አስሮ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ማየት ይበቃል። ቀኑ ደመና ቢሆን አትጨነቁ። በፊትም በኋላም ሁለት ቀን ቢለይ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ባህር ዳር ያላችሁ ሚያዝያ 12 ወይም 13 ሞክሩ፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን እየተጓዘች ስለሆነ እናንተ ጋ የምትደርሰው ዘግይታ ነው።


መምህርት_5ለ
ሚያዝያ 5፣ ከምሽቱ 1:50

እኛም ዛሬ ለካን።

9 ዘንግ፣ 9 ቱንቢ። ቱንቢው ክርና ጠጠር ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት። በምሳ ሰዓት ሜዳው ላይ ወጣን። የሌላ ክፍል ልጆችም ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ከበቡን። 6:15 ላይ ደመና መጣ፣ ልጆቹ ጮኹ። 6:20 ላይ ገለል አለ። ጥላው እንደ ጣት፣ ከዚያ እንደ ጥፍር ሆነ። ዩኒት መሪዋም መጥታ ነበር፤ ጎንበስ ብላ አንዱን ዘንግ ስታይ ነበር።

8 ቡድን ከ6:24 እስከ 6:26 ባለው ጊዜ "ጠፋ" ብሎ መዘገበ። አንዱ ቡድን ግን 6:31 አለ። ይህ ያ ደብተሩን በላጲስ የፈገፈገው ቡድን ነው። የጓደኞቻቸውን ቁጥር ሰምተዋል። ፊታቸውን አየሁ። ምንም አልተናገርኩም።

አሁን ቤት ሆኜ ደብተራቸውን ይዣለሁ። እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦

"የእኛ ጥላ በ6:31 ጠፋ። የሌሎቹ በ6:25 ነው። ቱንቢያችንን ስናይ ዘንጉ ጫፉ ወደ ምዕራብ ዘሞ ነበር። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስለምትሄድ ዘንጋችን ላይ የደረሰችው ዘግይታ ይመስለናል። ነገ አስተካክለን እንደገና እንለካለን።"

ገጹ ላይ የላጲስ ምልክት የለም። ጋሼ፣ ነገ በ6:10 ሜዳው ላይ ነን። ቢመቸዎት ይምጡ፤ ልጆቹ "ሰኔ ላይ ጥላው ወደ ደቡብ ነው ያለው ልጅ" ማን እንደሆነ ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ።


ጡረተኛ_መምህር
ሚያዝያ 5፣ ከምሽቱ 2:02

እመጣለሁ። የትምህርት ቤቱን አድራሻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።